ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን፦ የሳተላይት ሬዲዮ መቀበያ በመኪናና በቤት

ሬዲዮን ከሌሎች የመገናኛ መሣሪያዎች የሚለየው አንድ ታላቅ ባሕርይ አለ። መሣሪያው አንድ ጊዜ ከተገዛ በኋላ ባትሪው እስካላለቀ ድረስ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ይሠራል። አድማጩ ማን እንደ ሆነ፣ የት እንዳለና ምን እንደሚሰማ ጣቢያው አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። በአያቶቻችን ዘመን የተገዛ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ፣ ካልተበላሸ በቀር፣ ማዞሪያውን በትዕግሥት ለሚያዞር ሰው ዛሬም ድምፅ ያሰማል። አንዱ ጣቢያ ቢዘጋ መሣሪያው ሌላውን ይፈልጋል እንጂ አይሞትም።

የሳተላይት ሬዲዮ ይህን የቆየ ልማድ ለወጠው። ድምፁን አጠራው፤ ሽፋኑንም ከአንድ ከተማ ወደ አንድ አህጉር አሰፋው። በዚያው መጠን ግን መቀበያውን ከአንድ ኩባንያ ዕድሜ ጋር አቆራኘው። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ መሣሪያው በመኪናና በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ እንመለከታለን፤ ቀጥለንም አቋማችንን እናቀርባለን። አቋማችን ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ የሳተላይት ሥርጭት ለትምህርትና ለሕዝብ አገልግሎት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ይሁንና አሠራሩ ዝግ የሆነ መቀበያ የገዛ ሰው የያዘው ንብረት ሳይሆን ኪራይ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለው መሣሪያ በሕዝብ ገንዘብ ሊገዛ አይገባም።

ሰማይ ላይ የተተከለ ማማ

እንደሚታወቀው የኤፍ.ኤም. ሥርጭት የሚካሄደው ከ88 እስከ 108 ሜጋ ሄርዝ ባለው ክልል ነው። የሞገዱ ርዝመት ሦስት ሜትር ያህል ሲሆን ጉዞውም ከሞላ ጎደል ቀጥተኛ ነው። ምድር ክብ በመሆኗ፣ 100 ሜትር ከፍታ ካለው ማማ የሚነሣ ምልክት ሜዳማ በሆነ አገር እንኳ የሚደርሰው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በመካከሉ ተራራ ከተጋረጠ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አጭር ሞገድ በአንጻሩ ከአዮኖስፌር እየነጠረ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ነገር ግን ድምፁ እንደ ሰዓቱ፣ እንደ ወቅቱና እንደ ፀሐይ ሁኔታ ይዋዥቃል።

ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞር ሳተላይት አንድ ዙር የሚጨርሰው ምድር በራሷ ዛቢያ አንድ ጊዜ በምትሽከረከርበት ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከምድር ሆኖ ለሚመለከተው ባለበት የቆመ ይመስላል። ከዚያ ከፍታ የምድርን ገጽ ሲሶ ያህል ይሸፍናል። ጉዳዩን በሌላ አነጋገር ብንገልጸው 35,786 ኪሎ ሜትር ቁመት ያለው ማማ እንደ መትከል ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም። የሞገድ ጥንካሬ በርቀቱ ካሬ ልክ እየቀነሰ ይሄዳል። ከ40 ኪሎ ሜትር ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ስንሻገር ርቀቱ 900 ጊዜ ሲጨምር፣ ጥንካሬው 810,000 ጊዜ ይደክማል። ታዲያ ለቴሌቪዥን በጣራ ላይ ዲሽ የሚያስፈልገን ከሆነ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው የሳተላይት ሬዲዮ አንቴና እንዴት ሊበቃ ቻለ? ከምክንያቶቹ ዋነኛው ድምፅ ከምስል ይልቅ በጣም ጥቂት መረጃ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። አንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም በሰከንድ ሚሊዮኖች ቢት ሲፈልግ፣ ለመልካም ድምፅ 64,000 ቢት ይበቃል። በቀስታ የሚናገርን ሰው ከሩቅ መስማት እንደሚቀል ሁሉ፣ አነስተኛ መረጃ የሚሸከም ምልክትም በትንሽ አንቴና ይያዛል። በተጨማሪም ለሳተላይት ሬዲዮ የተመረጠው ከ1.5 እስከ 2.3 ጊጋ ሄርዝ ገደማ ያለው ሞገድ ዝናብ ብዙም አያደክመውም። ከ11 እስከ 12 ጊጋ ሄርዝ አካባቢ የሚሠራው የዲሽ ቴሌቪዥን ግን ኃይለኛ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ምስሉ እንደሚቆራረጥ ሁላችንም እናውቃለን።

በመኪና ውስጥ

የመኪና የሳተላይት ሬዲዮ ከሁሉም በላይ የተስፋፋው በሰሜን አሜሪካ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለት ፈቃዶችን በጨረታ ሸጠ፤ አንዱ በ83.3 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው በ89.9 ሚሊዮን ዶላር። ከእነዚህ ፈቃዶች ሲሪየስ እና ኤክስ.ኤም. የተባሉት ተፎካካሪ አገልግሎቶች ተወለዱ። ኤክስ.ኤም. በ2001፣ ሲሪየስ ደግሞ በ2002 ሥራ ጀመሩ። ሁለቱም ከ2,320 እስከ 2,345 ሜጋ ሄርዝ ያለውን ክልል ተካፍለው ከቆዩ በኋላ በ2008 ተዋሐዱ።

የመኪና ሬዲዮ ዋና ፈተና እንቅስቃሴ ነው። መኪናው በድልድይ ሥር ያልፋል፤ ፎቅና ዛፍ ሰማዩን ይከልሉበታል። መሐንዲሶቹ ለዚህ ሦስት ብልሃቶችን አዘጋጁ። አንደኛው አንድን ፕሮግራም ከሁለት የተለያዩ የሰማይ አቅጣጫዎች መላክ ነው፤ አንዱ ሳተላይት ሲከለል ሌላው ይታያል። ሁለተኛው በከተሞች ውስጥ የሳተላይቱን ድምፅ የሚደግሙ ማሠራጫዎችን በምድር ላይ መትከል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ለፊዚክስ ተማሪ ልዩ ትምህርት ያለው የጊዜ ልዩነት ነው። አንዱ ምልክት ከሌላው አራት ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይላካል፤ መቀበያው ቀድሞ የደረሰውን በማስታወሻው ይዞ ሁለቱን ያስተካክላል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአራት ሰከንድ 111 ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ ከዚያ ያጠረ የድልድይ ጥላ ቢያጋጥመው አድማጩ ምንም ሳይሰማው ያልፋል፤ ከአንዱ የጎደለው ከሌላው ይሞላልና።

ሲሪየስ ከ2000 ጀምሮ የተጠቀመባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳተላይቶች ምህዋራቸው ሞላላ ነበር። ከምድር ያላቸው ከፍታ ከ24,000 እስከ 47,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይለዋወጥ ስለ ነበር፣ በኬፕለር ሕግ መሠረት ከምድር ሲርቁ ይዘገያሉ። የሚርቁትም ከሰሜን አሜሪካ በላይ ሆነው በመሆኑ ረጅሙን ጊዜ በአድማጮቻቸው አናት ላይ ያሳልፉ ነበር። በክፍል ውስጥ እንደ ደረቅ ቀመር የምንሸመድደው ሕግ በአንድ የመኪና ሬዲዮ ውስጥ እንዲህ ሥራ ላይ ይውላል።

መሣሪያው ከመኪናው ጋር አብሮ ያልተሠራ ከሆነ አገጣጠሙ ቀላል ነው። በማግኔት የሚጣበቀው አንቴና ሰማይ በደንብ በሚታይበት በጣራው ላይ ይቀመጣል፤ መቀበያው ኃይል የሚያገኘው ከሲጋራ መለኮሻው ነው። ድምፁን ወደ መኪናው ቴፕ ለማድረስ ሁለት መንገድ አለ። ቴፑ መሰኪያ ካለው በሽቦ ማገናኘት ይመረጣል። ከሌለው ደግሞ መቀበያው በጣም ደካማ የኤፍ.ኤም. ምልክት ይልካል፤ ነጂውም ቴፑን በዚያ ቁጥር ላይ ያደርገዋል። ለዚህ የሚመረጠው ቁጥር ባዶ መሆን አለበት፤ ጣቢያ በበዛበት ከተማ ግን ባዶ ቁጥር ማግኘት ያዳግታል። 36,000 ኪሎ ሜትር ሳይጎድፍ የመጣ ድምፅ በመጨረሻዋ አንድ ሜትር ላይ ይበላሻል።

በቤት ውስጥ

ያው መቀበያ ከመኪናው ተነቅሎ በቤት ውስጥ ካለው ማስቀመጫ ላይ ሲሰካ የቤት ሬዲዮ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ችግሩ እንቅስቃሴ ሳይሆን ግድግዳ ነው። በብረት የተጠናከረ ኮንክሪትና የቆርቆሮ ጣራ እንዲህ ያለውን ሞገድ ያግዳሉ ወይም በእጅጉ ያደክማሉ። ስለሆነም አንቴናው በመስኮት ላይ ወይም በደጅ ተቀምጦ ወደ ሳተላይቱ እንዲዞር ያስፈልጋል። በሰሜን አሜሪካ ከምድር ወገብ በላይ ለቆመ ሳተላይት የሚመረጠው ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ነው።

እዚህ ላይ ተፈጥሮ ለእኛ ያደላችበትን አንድ ነገር ማንሣት እንወዳለን። ለምድር ወገብ ቅርብ የሆነ አገር እንዲህ ያለውን ሳተላይት ከአናቱ አቅራቢያ ያየዋል። ለምሳሌ ቺካጎ ላይ ሆኖ በ85 ዲግሪ ምዕራብ የቆመን ሳተላይት የሚፈልግ ሰው ከአድማስ ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ያህል ቀና ማለት አለበት። አፍሪስታር የተባለው የሬዲዮ ሳተላይት ግን የተቀመጠው በ21 ዲግሪ ምሥራቅ በመሆኑ፣ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከአድማስ 67 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ከምዕራብ ጥቂት ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነበር። ሳተላይቱ ከፍ ባለ መጠን ተራራውም ሆነ የጎረቤት ፎቅ የመከለል ዕድሉ ያንሳል። ለኤፍ.ኤም. እንቅፋት የሆነው የአገራችን መልክዓ ምድር ለሳተላይት ሬዲዮ ያን ያህል እንቅፋት አይደለም።

አፍሪስታር ያስተማረው

የሳተላይት ሬዲዮ ታሪክ የሚጀምረው ከአሜሪካ መኪና ነው ብሎ የሚያስብ ይኖራል። ይሁንና የመጀመሪያዋ ድምፅ የተሰነዘረችው ለአፍሪካ ነው። በኢትዮጵያ የተወለደው የሕግ ባለሙያ ኖኅ ሳማራ እ.ኤ.አ. በ1990 ዎርልድስፔስ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ዓላማው ትምህርትንና የጤና መረጃን፣ በተለይም በዚያ ዘመን አህጉሪቱን እያጠፋ ስለ ነበረው ስለ ኤድስ ማወቅ የሚገባውን፣ ጋዜጣም ስልክም ላልደረሰው ሕዝብ ማድረስ ነበር። አፍሪስታር በኦክቶበር 1998፣ እህቱ ኤዥያስታር ደግሞ በማርች 2000 ከፈረንሳይ ጊያና በአሪያን ሮኬት መጠቁ። የአሜሪካ የሬዲዮ ሳተላይቶች ገና መሬት ላይ ነበሩ።

የአፍሪስታር አሠራር ለልከኛነቱ ሊደነቅ ይገባዋል። ሳተላይቱ አህጉሪቱን በሦስት የሞገድ ጨረሮች ተከፋፍሎ ይሸፍናል። አንዱ የሞገድ ተሸካሚ በሰከንድ 16,000 ቢት የሚያስተላልፉ 96 ትንንሽ መስመሮች ነበሩት። ለንግግር ብቻ የሚበቃ ድምፅ የፈለገ ጣቢያ አንድ መስመር፣ ጥሩ የሙዚቃ ድምፅ የፈለገ አራት መስመር፣ ከዚያም በላይ የፈለገ ስምንት መስመር ይከራያል። ድምፁ የሚታመቀው ዛሬ ሁሉም በሚያውቀው የኤም.ፒ.3 ዘዴ ነበር። መቀበያው ግን ሳተላይቱን ፊት ለፊት ማየት ነበረበት፤ በየከተማው ደጋሚ ማሠራጫ ስላልተተከለ ከመኪና ይልቅ ለቤትና ለትምህርት ቤት የተመቸ ነበር።

የቴክኒኩ ነገር ተሳክቶ ሳለ የገንዘቡ ነገር አልተሳካም። መቀበያዎቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመቶ ዶላር በላይ ያወጡ ነበር፤ ይህ ሊደረስለት ለታሰበው ገበሬ የማይቀመስ ዋጋ ነው። ኩባንያው ፊቱን ወደ ወርኃዊ ክፍያ አዞረ፤ ፕሮግራሞቹንም በቁልፍ ዘጋ። በኦክቶበር 2008 ከኪሳራ ሕግ ጥበቃ ጠየቀ፤ ብዙ ደንበኞች በነበሩት በህንድ አገልግሎቱ በ2009 ማብቂያ ተቋረጠ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንግባ። በዚያን ጊዜ በየቤቱ የነበሩት መቀበያዎች ምን ሆኑ? አንቴናቸው አልተሰበረም፤ ቺፓቸው አልተቃጠለም። ሆኖም ቋንቋቸውን የሚናገር ሌላ ሳተላይት በሰማይ ላይ ስላልነበረ ዱዳ ሆኑ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝለትም።

ይህን በየጣራችን ላይ ካለው ዲሽ ጋር እናነጻጽረው። የዲሽ ሪሲቨር የተሠራው ማንኛውም አምራች ሊከተለው በሚችል፣ ታትሞ በወጣ ክፍት መለኪያ ነው። በብዙዎቹ ሪሞቶች ላይ ወደ ሬዲዮ የሚያሻግር ቁልፍ አለ፤ የሳተላይት ሬዲዮን በነጻ ማድመጥ የሚቻልበትን ይህን ቁልፍ ግን ብዙ ሰው ነክቶት አያውቅም። በቅርብ ዓመታት የአገራችን ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደሚገኘው ሳተላይት ሲሰባሰቡ፣ ተመልካቹ ዲሹን አስዞረ፤ ካስፈለገውም ከገበያው የወደደውን ሪሲቨር መርጦ ገዛ። ሳተላይት ቢቀየር ወይም ድርጅት ቢዘጋ፣ ክፍት መለኪያ ያለው መሣሪያ ሌላ ይፈልጋል እንጂ አይሞትም። የሬዲዮን የቀድሞ ባሕርይ ጠብቆ የቆየው ይህ ነው።

በአሜሪካም ቢሆን ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ሁለቱ ኩባንያዎች ሁለቱንም አገልግሎት የሚቀበል መሣሪያ እንዲነድፉ በፈቃዳቸው ውስጥ ተጠይቀው ነበር፤ ይሁን እንጂ እስከ ውሕደታቸው ድረስ እንዲህ ያለው መሣሪያ ለሰፊው ገበያ አልቀረበም። ዜጋው ከመሣሪያው ጋር የተጋባው ለፕሮግራሙ ሲል ሳይሆን ሌላ ምርጫ በማጣቱ ነበር።

ኢንተርኔት እያለ ስለ ሳተላይት ሬዲዮ ማውራት ምን ይጠቅማል?

ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ የዓለምን ጣቢያዎች ሁሉ ማድመጥ ይቻላል። መልሳችን ቀላል ስሌት ነው። በሰከንድ 64,000 ቢት የሚላክ ድምፅ በአንድ ሰዓት 28.8 ሜጋ ባይት ይሆናል። አንድ የአንድ ሰዓት ትምህርት አንድ ሚሊዮን ተማሪዎች በኢንተርኔት ቢሰሙት ኔትወርኩ 28.8 ሚሊዮን ሜጋ ባይት ይሸከማል፤ የዳታውንም ሒሳብ እያንዳንዱ ቤተሰብ ይከፍላል። በሳተላይት ሲሆን የሚላከው 28.8 ሜጋ ባይት ብቻ ነው፤ አድማጩ አንድ ቢሆን ሚሊዮን ወጪው አይለወጥም። ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ያለ ተማሪና በመዲናዋ ያለ ተማሪ እኩል ይሰማሉ። ሥርጭቱም የአንድ አቅጣጫ ስለ ሆነ ማን ምን እንደ ሰማ የሚመዘግብ የለም።

ሌላው ተቃውሞ ከራሳችን ልምድ የሚነሣ ነው። ከ1997 የትምህርት ዘመን ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የተሰጠውን፣ ተማሪው «ፕላዝማ» ብሎ የሰየመውን ትምህርት የማያስታውስ ጥቂት ነው። ትምህርቱ ይፈጥናል፤ መምህሩ ሊያስቆመው አይችልም፤ መብራት ከጠፋ ክፍለ ጊዜው ያልፋል የሚሉ ቅሬታዎች ይሰሙ ነበር። እኛም ቅሬታዎቹ እውነት እንዳላቸው እናምናለን። ነገር ግን ጥፋቱ የሞገዱ ሳይሆን የአጠቃቀሙ ነው። መቀበያው የመጣለትን ትምህርት በማስታወሻው ቢያስቀምጥና መምህሩ በፈለገው ሰዓት፣ በፈለገው ፍጥነት፣ እያቆመ እየደገመ ቢያሰማው ኖሮ ከቅሬታው የሚበዛው አይነሣም ነበር። አራት ሰከንድ የሚያስታውስ የመኪና ሬዲዮ መሥራት ከተቻለ፣ አንድ ሴሚስተር የሚያስታውስ የትምህርት ቤት መቀበያ መሥራት አያቅትም።

የኤፍ.ኤም. ጣቢያዎች በየቋንቋውና በየአካባቢው ጉዳይ የሚሰጡትን አገልግሎት ሳተላይት ሊተካው እንደማይችልም እንቀበላለን። አንዱ የሌላው ደጋፊ እንጂ ጠላት አይደለም።

ምን ይደረግ?

ሐሳባችንን በአራት ነጥቦች እናጠቃልላለን። አንደኛ፣ ለትምህርት ቤትም ሆነ ለጤና ጣቢያ የሚገዛ ማንኛውም መቀበያ አሠራሩ የታተመና ከአንድ በላይ አምራች የሚሠራው ይሁን። ሁለተኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተዘጋጀ ትምህርት በሰማይ ላይ በቁልፍ አይዘጋ። ሦስተኛ፣ መቀበያው የሚመዘግብ፣ በአነስተኛ የፀሐይ ኃይል የሚሠራና በአገር ውስጥ ሊጠገን የሚችል ይሁን። አራተኛ፣ በአንድ ሳተላይት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አገልግሎት አይኑር። ሲሪየስ ኤክስ.ኤም. በዲሴምበር 2020 ያመጠቀው አዲስ ሳተላይት ብዙም ሳይቆይ ተበላሽቶበታል፤ አድማጮቹ ያልተጎዱት ሌሎች ሳተላይቶች ስለ ነበሩት ነው። አገራችን በዲሴምበር 2019 ያመጠቀችው ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1 ምድርን ለመቃኘት እንጂ ለሥርጭት የተሠራ አልነበረም። ስለዚህ ለሥርጭት የምንጠቀምበት ሳተላይት የኪራይ ነው። በኪራይ መጠቀም አያሳፍርም፤ ተከራይ ግን ዕቃውን ይዞ ወደ ሌላ ቤት መሄድ መቻል አለበት።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህ ጉዳይ ለባለሥልጣንና ለነጋዴ ብቻ የሚተው አይደለም። ዛሬ በኮምፒዩተር ላይ የሚሰካ፣ ዋጋው አነስተኛ የሆነ ትንሽ የሞገድ መቀበያ አለ። በእርሱና ከሽቦ በተሠራ አንቴና፣ የአገሩን ሕግ አክብሮ፣ በ137 ሜጋ ሄርዝ አካባቢ ከአየር ጠባይ ሳተላይቶች የሚወርደውን የደመና ምስል መቀበል ይቻላል። ምልክቱ ክፍት ስለ ሆነ ማንም ሊፈታው ይችላል። የፊዚክስ፣ የሒሳብና የኮምፒዩተር ክበቦች ይህን ቢሞክሩ ሞገድ፣ ምህዋርና ኮድ ከሰሌዳ ወርደው በእጃቸው ይገባሉ።

ነገ ለአገሪቱ ትምህርት ቤቶች መቀበያ የሚመርጠው፣ የሚነድፈውና የሚጠግነው ዛሬ በክፍል ውስጥ የተቀመጠው ተማሪ ነው። ያን ጊዜ ሻጩ ስለ ድምፁ ጥራትና ስለ ቻናሉ ብዛት ብዙ ይነግረዋል። እርሱ ግን አስቀድሞ አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ኩባንያችሁ ቢዘጋ ይህ መሣሪያ ምን ይሰማል? አጥጋቢ መልስ ካላገኘ አይፈርም።